ግንበኛው ያልጨረሰው ኮሚክ

ፀጉር አስተካካዩ ተረኞች እንዳይሰለቹ ብሎ አግዳሚው ላይ የኮሚክ መጽሔቶች ይቆልላል። አንድ ራሰ በራ ሰው በየሳምንቱ መመላለስ ሲጀምር ግን ግራ ገባው፤ ሰውየው የሚቆረጥ ፀጉር አልነበረውም።

አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ግንበኛ አግዳሚው ላይ ተራውን እየጠበቀ ሲያነብ፣ ራሰ በራው ምስጢሩን አወጣ። "ጋሼ፣ ያ ግንበኛ የያዘውን መጽሔት ይሽጡልኝ። የታተመው ጥቂት ቅጂ ነው፤ ዋጋው በየወሩ እየናረ ነው።"

"የትናንት መጽሔት ምኑ ይወደዳል?" አለ አስተካካዩ። ዋጋውን ሲሰማ ግን ምላጩ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"እንዴ፣ እኔ ገና ግማሹ ላይ ነኝ!" አለ ግንበኛው።

አስተካካዩን ይሉኝታ ያዘው። "ይጨርስና ይወስዱታል" አለ።

ግንበኛው ሲሚንቶ ያልለቀቀውን ጣቱን ምራቅ እያስነካ ይገልጣል። ራሰ በራው አጠገቡ ተቀምጦ በየገጹ ያቃስታል።

"መጨረሻውን ያውቁታል?" ሲል ጠየቀው ግንበኛው።

"የኔዎቹ ሁሉ በላስቲክ የታሸጉ ናቸው። ከተከፈቱ ዋጋቸው ይወርዳል።"

"ታዲያ ምን ያደርጉልዎታል?"

ሰውየው አንገቱን አስግጎ ገጹን ሰረቅ አድርጎ አየ። ግንበኛው አዘነለትና መጽሔቱን ወደሱ ጠጋ አድርጎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረለት። ቀስ በቀስ ማቃሰቱ ቀረ፤ እንዲያውም "ቆይ፣ አትግለጥ፣ አልጨረስኩም" ማለት አመጣ።

አንብበው ሲያበቁ ራሰ በራው በግማሽ ዋጋ ልግዛው አለ።

"ከቅድሙ ምን ተለወጠ?" አለ አስተካካዩ።

"ምራቅ።"

ተስማሙ። ራሰ በራው በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ "ክፍል ሁለቱ እቤት አለኝ" አለው ግንበኛውን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ላስቲኩን ቀዶ ይዞት መጣ።