ዐንበሪ የሆንሁበት ዕለት

ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቦንጋ ገበያ የሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ስገባ፣ የካርቶን ጥርስ የደረደረ ሻርክ ተቀምጦ አገኘሁ። ደንግጬ አማተብሁ። ሻርኩም የካርቶን ራሱን አውልቆ ጉልበቴን ሳመ፤ ለካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ኖሯል።

«የኔታ፣ ዛሬ በውቅያኖስ ማን ማንን እንደሚበላ በትርኢት እናሳያለን። ዓሣ ነባሪ የሚሆነው ልጅ ታሞብን ቀረ። ያለ እርሱ ሁላችንም መውደቃችን ነው። እባክዎ፣ በዚህ ሰፊ ጋቢዎ ይቁሙልን» ሲል ለመነኝ።

ነቢዩ ዮናስን በሆዱ ያሳደረውን ዐንበሪ መሆን ነውር የለበትም ብዬ አሰብሁ፤ የጨነቀኝ ጾሙ ነበር።

«ልጄ፣ ለጨዋታም ቢሆን በጾም ዓሣ ወደ አፌ አላስጠጋም።»

«እርስዎ ይሙቱ፣ አንዲት ነገር አይቀምሱም!» ብሎ ማለልኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ቆየን። በስተቀኜ ሸርጣን፣ በስተግራዬ ጥርሳም ዓሦች ተሰልፈው ሁሉም እኔን ይመለከታሉ። ከሁሉ የምገዝፈው እኔ ሆኜ ሳለ ምንም የማልበላበት ምሥጢር አልገባህ አለኝ።

«ታዲያ የእኔ ሥራ ምንድን ነው?» ስል ሻርኩን በሹክሹክታ ጠየቅሁት።

«ሞተው ከባሕሩ ወለል ላይ ይተኛሉ፣ የኔታ። ከዚያ ሁላችንም እንበላዎታለን።»