በብርጭቆ የተፈተነው ወተቴ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ማታ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች እንጂ አልሸኘችኝም። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ባሌ ሥራ ፍለጋ ናይሮቢ ገብቷል፤ «ቤት ስይዝ አስጠራሻለሁ» ያለኝን አምኜ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ ሞያሌ ደረስኩ። ኬላው ላይ የኬንያው ፖሊስ ሆዴን አየና «ስንት ናችሁ?» አለኝ። «አንድ ተኩል» አልኩት። ስቆ አሳለፈኝ። እዚህ አገር መጀመሪያ የሳቀልኝ ሰው እሱ ነው፤ ከእሱ በኋላ ብዙም አላገኘሁም።

በኬንያው ሞያሌ፣ ማንያታ በሚባለው ሰፈር፣ ባሌ ከናይሮቢ እስኪያስጠራኝ የቆርቆሮ ክፍል ያከራዩኝ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። የመሀል አገር ሰው ናቸው፤ ምግብ ቤትም አላቸው። ከወለድኩ በኋላ እዚያው ማንዳዚ እጠብስ ጀመር። ማንዳዚ የእኛን ቦምቦሊኖ ይመስላል፤ የሚጠበሰው ግን በጣሳ በሚሸጥ፣ እንደ ሻማ በረጋ ነጭ ስብ ነው። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ የአገሬን ውርጭ የረገምኩበትን አፌን ረገምኩት።

ልጄ ናታን ሁለት ወር ሲሞላው ክብደቱ አልጨምር አለ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ ብርጭቆ ይዘው መጡና «እስቲ እለቢልኝ» አሉኝ። ላም የሆንኩ መሰለኝ፤ ግን አለብኩ። መደርደሪያ ላይ አቆይተው ከሰዓት በኋላ ለደንበኛው ሁሉ አሳዩት።

«አያችሁ? ስልባቦቱ ይቺ ብቻ! ውሃ ነው የምታጠባው!»

«እትዬ፣ የሰው ወተት እኮ ነው» አልኩ በኀፍረት።

«የሰውስ ቢሆን? ስብ ያልበላች ስብ ከየት ታመጣለች?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ነጭ ስብ በትልቅ ማንኪያ ሻዬ ውስጥ ይጨምሩልኝ ጀመር። «የአትክልት ነው፣ ለጾምም ይሆናል» ይላሉ። ጠጣሁት። ልጄ እየከሳ ምን አልጠጣም? ሳምንት ሙሉ ላንቃዬ ላይ እንደ ሰም ተለጠፈ፤ ብርጭቆው ውስጥ ግን ስልባቦቱ ያው ነው።

«እንግዲህ የጣሳ ወተት ጀምሪለት፤ ያንቺ አልሆነም» አሉኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ልጄን አዝዬ ክሊኒክ ሄድኩ።

ነርሷ ሲስተር ዳርሚ የቦረና ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ስዋሂሊ ይገባበታል። የብርጭቆውን ነገር ስነግራት ግንባሯን መታች።

«ሃፓና፣ ማማ! አይደለም! ስብ ስለበላሽ ወተትሽ አይወፍርም። የሚለወጠው የስቡ ዓይነት ነው። ያን የረጋውን ስትጠጪ ልጅሽም ባንቺ በኩል ይጠጣዋል። ተዪው። አቮካዶ ብዪ፣ ካገኘሽ ዓሣ። ደግሞስ አንዴ ስታጠቢው ምን ያህል ትቆያለሽ?»

«እትዬ ወደ ምድጃው እስኪጠሩኝ።»

«መቼ ይጠሩሻል?»

«ወዲያው።»

«መጀመሪያ የሚመጣው ቀጭኑ ነው። የሚሰባው ጡቱ እየጎደለ ሲሄድ ነው። አንቺ የምትነሺው ልጅሽ ወፍራሙ ጋ ሳይደርስ ነው።»

እንደ እኔ በሰው አገር የምታጠቡ እናቶች፣ ንዴቴን እናንተ ታውቁታላችሁ። ሁለት ወር ሙሉ «አንቺ! ስቡ ጨሰ!» በተባልኩ ቁጥር ጡቴን ከአፉ ነጥቄ ስሮጥ ከርሜ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የወተቴ ሆነ! ያውም በአደባባይ፣ ማንዳዚ በሚበላ ሰው ሁሉ ፊት!

በማግስቱ ናታንን ታቅፌ ከምድጃው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አንቺ! ሰው ቁርስ እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቅ፣ እትዬ። ገና ቀጭኑ ላይ ነን።»

«ምን አልሽ?»

«አልነሳም አልኩ።»

«እንግዲያው ከነወተትሽ ውጪልኝ!»

ወጣሁ። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ማጥባቴን ቀጠልኩ፤ በአንድ እጄ ለእናቴ ደወልኩ።

«ወተትሽ እንዴት ነው? ለሚመጣ ሰው ቅቤ ልስጥልሽ?» አለችኝ።

«ቅቤ አይደለም የጎደለኝ፣ እማዬ። ተቀምጬ የማጠባበት ቦታ ነው።»

«ታዲያ እኔ ቤት ያለው መደብ ምን ሆኖ ነው?»

ናታን ጠግቦ፣ ከተወለደ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጡቴን በራሱ ለቀቀ።