ገቢ ያልሆነው ጋሪ

«አንቺ፣ የተቀጠርሽው ክር ለመሸከም ነው ወይስ ለመፈልሰፍ?» አለኝ የፈረቃ ኃላፊው ጋሪዬን ያየ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

በምሠራበት የክር ፋብሪካ እኛ ሴቶቹ ክር የሞላ ጆንያ ከማሽኑ እስከ መጋዘን በጀርባችን እናመላልሳለን። አብራኝ የምትሠራው ከወረታ ከተማ የመጣች ልጅ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። «መሸከም ካቃተሽ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ውጪ» ብሏታል ኃላፊው። ባሏ ሥራ የለውም። አርፌ ማየት አልሆነልኝም። ሰባታሚት ሰፈር አንድ ብየዳ ቤት ሄድሁና በተሰበረ የቢሮ ወንበር ጎማ ጋሪ አሠራሁ። ሳስገባው ዘበኛው ዞሮም አላየኝ። አራት ጆንያ በአንዴ! ጓደኛዬ በአንድ እጇ እየገፋች «ሴት ከወለድሁ ስሟን ጎማ ነው የምላት» ብላ አሳቀችን።

ሳምንት ሳይሞላ የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ መጡ።

«ይህ በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ደረሰኝ ገቢ ሆኗል?»

«የራሴ ነው፣ ጋሼ።»

«ገቢ ያልሆነ ዕቃ ግቢ ውስጥ አይሠራም፣ ልጄ። ቁጥር የለውም።»

«ይስጡታ ቁጥር!»

«ቁጥር ለተገዛ ነው።»

«እንግዲያው ቤቴ ልውሰደው።»

«መውጫ ወረቀት ያስፈልግሻል። መውጫ የሚጻፈው ደግሞ ገቢ ለሆነ ነው።»

አልቀለዱም። ክፉ ሰውም አይደሉም፤ ዕቃ ቢጠፋ ይጠየቃሉ፣ ሸክም ቢቀል ግን የሚያመሰግናቸው የለም። ጋሪው ንብረት ክፍል ተቆለፈበት።

በወሩ «ምርጥ ተሞክሮ» የሚያዩ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። ጋሪዬ ሰማያዊ ተቀብቶ ወጣ። ኃላፊው እጀታውን ይዞ «ሠራተኞቻችንን እናበረታታለን» ሲል ፎቶ አነሡት። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ መልሰው ቆለፉት።

በማግስቱ ጓደኛዬ ሁለተኛውን ጆንያ እንደያዘች ሆዷን ጨብጣ የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ኃላፊው የፈቃዱን ወረቀት እዚያው አስፈረማት። ወዲያው እኔን ቢሮው ጠርቶ ፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ፈጠራሽ ተመርጧል። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«ገቢ ሆኗል?» አልሁት።

«ምኑ?»

«ወረቀቱ።»

ጋዋኔን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለትና ወጣሁ። ጓደኛዬን ከደረጃው ደግፌ አስነሣሁ። በሩ ላይ ዘበኛው ቦርሳችንን አንድ በአንድ ፈተሸ። ጤና ጣቢያ ላሳያት ወደ ግሽ አባይ ሰፈር የሚሄድ ባጃጅ አቁመን ገባን።