የልድያ ሟቾች

ባለቤቴ ልድያ በዓመት ሃያ ሰው ያህል ትቀብራለች። አንዱን ግሪክ ደሴት ላይ መዋኛ ገንዳ ውስጥ፣ አንዱን ጣሊያን ሐይቅ ዳር ቁርሱን እየበላ፣ ሌላዋን ደግሞ ስፔን የወይን እርሻ ልትጎበኝ ሄዳ። ሁሉም ለእረፍት እንደወጡ የቀሩ ናቸው። አብራት የምትሠራ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ወደ አገሯ ስትገባ አንድ ካርቶን ሙሉ እንዲህ ያለ የእንግሊዝኛ የወንጀል ልብወለድ ጥላላት ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ ሪያድ፣ ሹመይሲ ሰፈር ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ሬሳ ሳይገኝ የዋለበት ቀን የለም።

እኔን የሚያንጨረጭረኝ ግድያው አይደለም። ሰው ሞቶ ማንም አለማልቀሱ ነው። ጠዋት ሬሳው ይገኛል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰብስበው ዓሣ ይበላሉ። ፖሊሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ "ባልሽ ሞቷል" ይላታል፣ ሴትየዋ ሻይ ታፈላለታለች። ዘመድ አልተጠራ፣ ድንኳን አልተጣለ፣ እናቱ ትስማ አትስማ የሚጠይቅ እንኳ የለም።

"እነዚህ ሰዎች ወገን የላቸውም እንዴ?" እላታለሁ።

"ለዚህ እኮ ነው የምወዳቸው" ትለኛለች። "ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው እንባ ሳይ ነው የምውለው። ቤቴ ስገባ ማንም የማያለቅስለት ሬሳ ባገኝ ምን አለበት?"

የሚብሰው ግን ምርመራው እኔ ላይ ሲዞር ነው። እኔ ፈለቀ የማቀዝቀዣ መሐንዲስ ነኝ፤ ከከተማው ዳር ሱለይ ያሉ መጋዘኖችን ነው የምጠግነው። አንድ ቀን የስኳር በሽታዬን ረስቼ ከሠራተኞቹ ጋር ኩናፋ የሚሉትን በሽሮፕ የራሰ ጣፋጭ በላሁ። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ "ሽሮፑ እጅጌህ ላይ ነው" አለችኝ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለው ተረት አለቻት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ስትተርትብኝ ኖራለች። እንዲህ ካለች ሴት ጋር ሚስጥር መያዝ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው።

ታዲያ በዚህ ላይ፣ በኮሮናው ዓመት፣ ሪያድ ቀንና ሌሊት በሰዓት እላፊ በተቆለፈችበት ሰሞን ምን መጣብኝ? አጎቷ ጋሽ ሙላው ከሐዋሳ ደወሉ። ልድያ ክሊኒክ ነበረች።

"ፈለቀ፣ ብቻህን ነህ? ምናሴ አረፈ።"

ምናሴ ታላቅ ወንድሟ ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ያስተማራት እሱ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ይደውልላት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ደረቴን አለ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ።

"እንዳትነግራት" አሉ ጋሽ ሙላው። "በረራ በሌለበት ብትሰማ የት ሄዳ ታለቅሳለች? ሲከፈት ትመጣና በወጉ እርሟን ታወጣለች። አደራ።"

አደራ ማለት ለእሳቸው ቀላል ነው፤ ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ የሚተኛው እኔ ነኝ! ግን ምን ልበል? ወጉ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን የሚነግርም የለም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰው ደግፎ ይዞ ነው። ሪያድ ውስጥ ደግሞ ያኔ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነበር። ፎቃችን ላይ ለሚኖሩት ለጋሽ ጣሰው ብቻ ነገርኳቸው፤ ለአበሻው ሁሉ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። "ኸላስ፣ በቃ፣ እናቆየዋለን" አሉኝ።

የመጀመሪያው ዓርብ ምናሴ ሳይደውል ሲቀር ስልኩ ተሰርቋል አልኳት። ሁለተኛው ዓርብ ገና አዲስ አልገዛም አልኳት። ጋሽ ጣሰው ደግሞ አርፈው አይቀመጡም፤ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘው መጡና አጠገቧ ተቀምጠው "ልጄ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን" ይሏታል። ሰውዬውን በመስኮት ብወረውራቸው ደስ ባለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ልድያ ከሥራ መጣች፣ እጇን ታጠበች፣ መጽሐፏን ዘግታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"አንደኛ፣ ስልክህን በፊቱ ደፍተህ ነው የምታስቀምጠው። ሁለተኛ፣ ዘፈን ስከፍት ትዘጋለህ። ሦስተኛ፣ ጋሽ ጣሰው በሕይወታቸው ብርቱካን ገዝተው አያውቁም። ሰው ሞቶብኛል።"

ስልኬን ቶሎ ገለበጥሁት።

"እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው አይደል?"

እትዬ ጥሩወርቅ የአባቷ እህት ናቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለባቸው። እንግዲህ በእነዚያ በተረገሙ መጻሕፍት ውስጥ ሁልጊዜ ቀድማ የምትሞተው አሮጊቷ አክስት ናት! ልድያም ሳትጠራጠር እዚያው ሄደች።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ዓይኗን ሳየው ግን እርግጠኛ ሆና፣ አዝና፣ ደግሞም ትንሽ ቀልሏት ነበር። እኔም ቀለለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

አለቀሰች። ጥቁር ነጠላ አደረገች። እትዬ ጥሩወርቅ ስለሰፉላት የመጀመሪያ ቀሚስ እያነሳች ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስታለቅስ እኔ በሕይወት ያሉ ሴትዮ ገድዬ ለቅሶ ተቀመጥሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ጋሽ ጣሰው ለቅሶዋን በደረጃው ሰምተው የምናሴን መርዶ የነገርኳት መስሏቸው "ልድያ ተረድታለች" ብለው ለሰው ሁሉ አወሩ። አጽናኝ መደወል ጀመረ። እኔ ደግሞ እየቀደምኩ "እባካችሁ የሟቹን ስም አታንሱ፣ ስሙን ስትሰማ ይብስባታል" እያልኩ አንድ በአንድ እለምናለሁ። ሱለይ ያለው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ የሰው ዶሮ ሊበሰብስ ነው፣ እኔ መታጠቢያ ቤት ተቆልፌ ሰው እለምናለሁ!

ከሁሉም የከፋው ግን ሌላ ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆና በስልኳ ድምፅ ስትልክ ሰማኋት።

"ምናሴዬ፣ ስልክህ ሲገኝ ትሰማዋለህ። አይዞህ ወንድሜ። እትዬ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ።"

ያን ዕለት ልነግራት በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ተመለስሁ። በረራ ይከፈታል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ እኔ አልናገርም አልኩ።

የጋሽ ጣሰው ወሬ ግን ሐዋሳ ደርሶ ነበር። በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ስልኳ ጮኸ። ልብስ እያጠፈች ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

"ልድዬ! ልጄ! እኔ ጥሩወርቅ ነኝ። ተረድታለች ቢሉኝ ነው የደወልኩት።"

ልድያ ጮኸች። ከዚያ በእግዚአብሔር ስም እላችኋለሁ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ አንሶላውን አቅፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "አሉ! እትዬ አሉ! ፈለቀ፣ እትዬ እኮ አልሞቱም!" እያለች ትዘላለች። እሳቸው ግን ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ ስልኩ ውስጥ ለቅሷቸውን ቀጥለዋል።

እኔ አልሳቅሁም። ያን አየች። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

"ታዲያ ማን ነው?" አለችኝ።

ስንት ጊዜ በልቤ ያዘጋጀሁት ቃል ነበረ፤ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ፣ ስለ ሁላችን መንገድ። አንዱም አልመጣልኝም።

"ምናሴ" አልኳት።

አልወደቀችም። ይዣት ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ፤ በክርኗ ገፋችው።

"ዘጠኝ ቀን ላልሞቱ ሴትዮ ስታስለቅሰኝ ከረምክ" አለች። "ለወንድሜ የማለቅሰው በምኔ ነው?"

ልድያ ስልኩን ከአልጋው ላይ አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ አለሁ። እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ" አለች።

አሮጊቷ ከሐዋሳ፣ እሷ ከሹመይሲ፣ ስሙን እየተቀባበሉ አለቀሱ። ወጉ እንደሚፈልገው በማለዳ አልነበረም፣ ሽማግሌም አልነበረም። እኔ ያልታጠፈ አንሶላ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ ልግባ ልውጣ ሳላውቅ ቀረሁ።