በፍልሰታ የቀረበ ወተት

ሐኪሟ የደም ምርመራውን ውጤት ደጋግማ አነበበችው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለ ክሊኒክ ውስጥ ነን፤ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እንደ እኔው የሐኪሟን ፊት ታያለች።

«የቀረ የለም ማለት ይቻላል» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የስኳር በሽታ ነው፣ ያውም ያለ መርፌ የማይኖሩበት ዓይነት፣ ሲሉኝ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ነበር። እኛ ሰፈር እሪ በከንቱ ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ከዘራ የያዘ ጡረተኛ ነው። ገመድ የምትዘል ልጅ ስኳር ያዛት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

መርፌውን በጀመረች በጥቂት ወራት ስኳሯ ረገብ አለ፤ መጠኑም ተቀነሰላት። ሐኪሟ ቆሽቷ ገና ትንሽ ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ፣ ይህም ለጊዜው ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው እያልኩ መግቢያ መውጫ አሳጣኋት። የሚለካበት ምርመራ እንዳለ የነገረችኝ ስነዘንዛት ነው። ልጅቷ ባዶ ሆዷን፣ የጠዋት መርፌዋን ሳትወጋ ትመጣለች፤ ጣፋጭ የወተት መጠጥ ትጠጣለች፤ ከዚያ ደም ይወሰዳል። ቆሽቷ ምግብ ሲመጣለት ምን ያህል እንደሚሠራ ከደሙ ይታወቃል። ውጤቱ ምንም ሆነ ምን መርፌው እንደማይቀርም ነገረችኝ። ልጄ እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር።

ቀጠሮው ፍልሰታ ላይ ዋለ። በፍልሰታ የግቢያችን ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው ሥላሴ ያስቀድሳሉ፤ እህል ሳይቀምሱ ሄደው ቆርበው ይመለሳሉ። የልጄን ነገር ለንስሐ አባታችን ብነግራቸው የታመመ አይጾምም፣ ትብላ ብለው ፈቀዱልኝ። እሷም አልተከራከረችም። ጠዋት ጠዋት መርፌዋን ተወግታ ሽሮዋን ትበላለች፤ ከዚያ የግቢው በር ላይ ቆማ ከቅዳሴ የሚመለሱትን ትጠብቃለች። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የምርመራው ዕለት ነርሷ ኩባያውን ሰጥታት እንደወጣች ስልኬ ጮኸ። ፒያሳ የሀበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ጾሙ ሲፈታ የምትዳር አንዲት ደንበኛዬ ጥልፉ ደረሰ ወይ እያለች ልቤን አውልቃዋለች። ደረጃው ጋ ወጣ ብዬ አናገርኳት። ስመለስ ኩባያው ባዶ ነበር፤ ጎበዝ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። ደሙ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ።

እና ይኸው፣ የቀረ የለም ተባልኩ። ጥቂት እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ጭራሽ የለም መባል ግን በሐሳቤ አልነበረም። ልጄ ፊት አላለቅስም ያልኩት ሴትዮ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሐኪሟ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። ያን ሁሉ ጠጥታ፣ መርፌም ሳትወጋ፣ ስኳሯ እንዴት ከፍ አላለም እያለች ለራሷ ታወራለች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

«የኔ ቆንጆ፣ ወተቱን ጠጥተሽው ነበር?»

ልጄ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላ ጫማዋን አየች።

«ጾም ነው እኮ» አለች።

መስኮቱ ሥር ባለው የአበባ ጣሳ ውስጥ ደፍታው ነበር። ቀስ በቀስ ስትናገር እንደገባን፣ እመቤታችን ቆሽቷን እንድትመልስላት ተስላ ነበር። እንደ ጓደኞቿ ጾማ መዋል ስለተከለከለች ጾሙ እስኪፈታ ከጾም ምግብ ሌላ አልቀምስም ብላለች። እኛ ደግሞ ቆሽትሽን እንድናይ ወተት ጠጪ አልናት። እኔ ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ግቢው ሁሉ ያውቀኛል። ያን ቀን ግን ልቆጣት አልቻልኩም። በእጄ የማጎርሳት ልጅ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ስትዞር እኔ የማውቀው የስኳሯን ቁጥር ብቻ ነው። ታሪኩን የሰሙ ጎረቤቶች ስቀዋል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አያስቀኝም።

ጾሙ ተፈትቶ እንደገና ሄድን። በዚህኛው ስልኬን አጥፍቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ነርሷ ዛሬ ለአበባው አታካፍዪው ብላ ቀለደችባት። ልጄ አልሳቀችም። ኩባያውን በሁለት እጇ እንደያዘች ጠየቀቻት።

«ቢኖርም ባይኖርም መርፌው አይቀርም አይደል?»

ነርሷ አዎ አለቻት።

«ታዲያ የሚለካው ለምንድን ነው?»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። ለሐኪሟ ይጠቅማታል ልል ነበር። ግን ይለካ ብላ የጨቀጨቀች ሐኪሟ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። ድንጋጤው ያን ጊዜ የቀረ የለም ከተባልኩበት ዕለት ባሰብኝ። ልጄ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ወተቱን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ፈገግ አለች። ጥቂት ነው፣ ግን አለ አለችኝ፤ እያደር እየቀነሰ እንደሚሄድም አልደበቀችኝም። እኔ እሱን የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። ተመስገን እያልኩ እጇን ይዤ አልለቅ አልኳት። ልጄ ከጎኔ እጅጌዬን ጎተት አደረገችኝ።

«እማዬ» አለች፣ «አሁን ደስ አለሽ?»