ስኳር መስሏቸው የተሰለፉት እናት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ደሴ ላይ የኪነት ሳምንት በሚከበርበት ሰሞን ነው። ዛሬም ሰው ተሰልፎ ባየሁ ቁጥር ልቤ አያርፍም።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ደግሞ ደሴ በኪነት ቡድን ውስጥ ቫዮሊን ይጫወታል። ከውጭ አገር የክላሲካል ሙዚቀኞች ሲመጡ አብሯቸው እንዲጫወት ተመረጠ። ግን ብሔራዊ ውትድርና ደርሶታል፤ ትርዒቱ እንዳለቀ ከአዳራሹ በቀጥታ ይወስዱታል። «መጥተሽ ስሚኝ፤ ሳላይሽ አልሄድም» ብሎ ላከብኝ። ዘመቻው እንደማይቀርለት ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሥራ ፈቃድ ለምኜ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ የትኬቱ ሰልፍ መንገዱን ዘግቶታል። ደሴ ክላሲካልን መቼ እንዲህ እንደወደደችው እንጃ! ከፊቴ ባዶ ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት እናት ቆመዋል።

«ልጄ፣ ለሰው ስንት ስንት ኪሎ ነው የሚሰጡት?» አሉኝ።

ለካ ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ ሰልፉን አይተው፣ የቀበሌ ስኳር መስሏቸው ነው የገቡበት። የሙዚቃ ትኬት መሆኑን ነገርኳቸው።

«ለሙዚቃ ይሄ ሁሉ ሰው? ተራዬን ልትወስጂ ነው!» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ሰልፉ አይንቀሳቀስም። አላስችል ብሎኝ ደጋግሜ አንገቴን አሰግጋለሁ። በመጨረሻ እሳቸው ትኬት ተቀበሉና መስኮቱ ተዘጋ። አለቀ ተባለ።

«እናቴ፣ በአላህ ለእኔ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ወላሂ አልሰጥም! ይሄን ሁሉ ቆሜ ምን እንደሆነ ሳላየውማ አልሄድም።»

እንባዬ መጣ። ወደ በሩ እየተከተልኳቸው የሰይድን ነገር ነገርኳቸው፤ ቫዮሊን እንደሚጫወት፣ ዛሬውኑ እንደሚወስዱት። ደንግጠው ዘወር ሲሉ ሰዉ ገፍቶ አስገባቸው። በሩም ተዘጋ።

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ሙዚቃው ይሰማል፤ የትኛው የእሱ እንደሆነ ግን አልለይም። እየሰማሁት ይሁን ሳልሰማው እየሄደብኝ አላውቅም። በመሀል ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ ተሰማ፦

«አንተ ሰይድ! አብሽር፣ እህትህ በር ላይ ናት! ትሰማሃለች!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ አንድ ቫዮሊን ብቻውን ተነሳ። የእሱ እንደሆነ አወቅኩ፤ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ሲወጡ እጄን ያዙኝ። «ወደ በሩ ዞሮ ነው የተጫወተው። ትኬቱን ስለከለከልኩሽ አፉ በይኝ» አሉኝ። በጓሮ በኩል የመኪና ሞተር ሲነሳ ጥያቸው ሮጥኩ። አልደረስኩበትም።

ሰይድ ከዘመተበት አልተመለሰም። «ሳላይሽ አልሄድም» ያለው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ትኬቱ እኔ እጅ ቢገባ ኖሮ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተቀምጬ አጨበጭብ ነበር እንጂ እንደዚያ መጮህ አልደፍርም ነበር። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ወንድሜ መምጣቴን አውቆ የሄደው በእሳቸው ነው።