የእሸቴ አራተኛ ቤዝ

እሸቴ አራተኛ ቤዝ ጊታር ይሰጠኝ ብሎ ያመለከተ ሰሞን ደብረ ታቦር ሌላ ወሬ አልነበራትም። ገበያም ሆነ ወፍጮ ቤት፣ «ሰውየው ሦስት አለው አሉ፤ አራተኛ ምን ሊያደርግለት ነው?» ይባል ነበር። እኔ የኪነት ቡድኑ ዘፋኝ ነበርኩና ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። አላውቅም ማለት ደግሞ አልወድም። «ለየእጁ ሁለት ሁለት ሊያደርገው ነው» እያልኩ አልፋቸው ነበር።

እሸቴ የገሳይ ሰው ነው። አባቱ ገብስና ስንዴ አራሽ፣ እሱ ግን ከሞፈሩ ክራሩን የሚያስበልጥ። ክራር ሲደረድር ጣቶቹን ማየት ብቻ ያጠግብ ነበር። መከራው ድምፁ ላይ ነው። በእኛ አገር ክራር ይዞ የመጣ ሰው ካልዘፈነ ማን ያዳምጠዋል? እሸቴ ደግሞ አፉን ሲከፍት እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል። ሠርግ ቤት ክራሩን ሰምተው «እሰይ!» ያሉ ሰዎች፣ ዘፈኑን ሲጀምር ጠላቸውን ይዘው ከዳስ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ የሙሽራው አጎት፣ «ልጄ፣ ሌላ ጊዜ እጅህን አምጣው፣ አፍህን ቤትህ ተወው» አሉትና ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ሲነግረኝ ግን አልሳቀም፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩት።

ቀን የወጣለት ደርግ በየከተማው ኪነት ሲያቋቁም ነው። በስድሳዎቹ መጨረሻ ይመስለኛል፣ የመጀመሪያዋ ቤዝ ጊታር ከጎንደር በላንድሮቨር መጣች። ሳጥኗ ሲከፈት ከበን ቆምን። አንገቷ ረጅም፣ ሆዷ ድፍን፣ አራት ወፋፍራም ክር ያላት ነገር ናት። የቡድኑ መሪ ታደሰ ሳክስፎን የተማረው ፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው፤ ክር ያለው ነገር አይነካም። ሌሎቻችንም እርስ በርስ ተያየን። እሸቴ ብድግ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጣትና፣ «ይቺማ ትልቅ ክራር ናት» አለ።

እንደ ክራርም ቃኛት። ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተገናኝታ አውራ ጣቱን ሲያሳርፍባት የአዳራሹ ቆርቆሮ ተርገፈገፈ፤ ወለሉ በጫማዬ በኩል ሲናገረኝ ተሰማኝ። የእሸቴን ፊት ያኔ ማየት ነበር! ሰውየው ድምፅ አገኘ። መዝፈን የማይፈልግ፣ ማንም ጠላውን ይዞ የማይሸሸው ድምፅ።

ችግሩ የመጣው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነው። ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። ሠርግ ቤት የሚቸኩል የለም፤ ሰው ይጠጣል፣ ይጫወታል፣ ባለ ክራሩ ይቃኛል። እሸቴም በቤዟ ያንኑ አደረገ። መድረክ ላይ ግን ከበሮው ቆሞ፣ ሳክስፎኑ ቆሞ፣ ባለሥልጣኑ ፊት ለፊት ተደርድሮ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ መቃኛ ይጠመዝዛል። ያን ባዶ ጊዜ የምሞላው እኔ ነኝ። ክንዴን አንስቼ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» እላለሁ፤ ሕዝቡም ይከተለኛል። ከኋላዬ አራት ክር እንኳ በቁጥጥር ሥር ማዋል አቅቶናል።

ሌላም ነገር ነበር። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ነው፣ ቤዟ ያላት አራት ክር ነው። አምስተኛዋ ድምፅ ስትደርስ እሸቴ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ አውቆ የሚያደርገው እየመሰለን፣ «አቤት፣ አረፍ ሲል ሲያምርበት!» እንል ነበር። በአንገቷ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቀው፣ «ጌጥ ነው» አለኝ። ክራር እንዲህ ያለ ነገር የለውማ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ይወለውላቸው ነበር።

ለባዶው ጊዜ ያገኘለት መላ ሁለተኛ ቤዝ ነው። አንዷ ትዝታ ተቃኝታ ትቀመጥ፣ አንዷ ባቲ። አንገቷ የተሰነጠቀ አንዲት ቤዝ ከጦር ሠራዊት ቡድን ተርፋ መጣችለትና አናጢው ኑሩ በዋንዛ ጠገናት። ሦስተኛዋ ለእብናት ኪነት የተላከች ነበረች። መኪናው ደብረ ታቦር ሲያድር እሷም አደረች፤ አድራም ቀረች። እሸቴ አምባሰልን ቃኘባት። ከዚያ በኋላ በስማቸው ይጠራቸው ጀመር። «ባቲን አቀብሉኝ፣ ትዝታን ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጧት» ይላል። ሚስቱ ዓለሚቱ፣ «በቁርባን አግብቶኝ ሦስት ጣውንት አመጣብኝ» እያለች ለጎረቤት ታወራለች።

አንቺ ሆዬ ብቻ ቀረች። ለእሷ የተቃኘች ቤዝ ስላልነበረችው አንቺ ሆዬን በቤዝ ተጫውተን አናውቅም። አራተኛዋን ያመለከተው ለዚህ ነው።

ማመልከቻው ያመጣው ግን ስብሰባ ነው። የእብናት ኪነት ሰው ጌጡ የጠፋችባቸውን ቤዝ ፍለጋ መጣ። የገሳይ ኪነትም፣ እኛ አንድ እንኳ ሳይኖረን የእኛው ልጅ ሦስት ይያዝ እንዴ ብሎ ተነሳ። የባህል ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ሞላ አጀንዳውን በረጅሙ ካሰማ በኋላ መነጽሩን አወለቀና፣ «ባጭሩ፣ አንድ ሙዚቀኛ ስንት ቤዝ ጊታር ያስፈልገዋል?» አለ።

እሸቴ ተነሳ። «አራት ነው፣ ጓድ። ቅኝቱ አራት ነውና።»

«ታዲያ ከበሮ መቺውም ለየዘፈኑ ከበሮ ይሰጠው?» አለ ጌጡ። ቤቱ ሳቀ።

«ወንድሜ እሸቴ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለ ሞላ። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፤ በአብዮት በዓል ዕለት አንዷ ወደ እብናት፣ አንዷ ወደ ገሳይ ትሄዳለች። እሸቴ በቀረችው አንዲት ቤዝ ሙሉ ዝግጅቱን ሳያቋርጥ ይጫወታል፤ ከጎንደር እንግዶች ስለሚመጡ ያ መጠምዘዝ አይደገምም። ካልቻለ እሷንም ሊማር ለሚችል ሰው ያስረክባል። ሞላ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእሸቴ ፊት ሲጠቁር አይቶ ሊያጽናናው ፈለገ። «ክራርህማ አለልህ» አለው። «እየዘፈንክ ትደረድራለህ።»

እየዘፈንክ! ሞላን ባንቀው ደስ ባለኝ። የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ሊያሽ ብሎ ቁስሉ ላይ ይቆማል።

በማግስቱ ዝናቡ አላስወጣ ስላለን አዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እሸቴ ሦስቱን ቤዞች ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከአንዷ ወደ አንዷ ይመለከታል። «የትኛዋን ላስቀር፣ ብዙነሽ?» አለኝ። «ትዝታን ብይዝ ባቲ የለኝ። ባቲን ብይዝ አምባሰል የለኝ።»

የቡድናችን መሰንቆ መቺ አያ ሙላቴ ከጥግ ሆነው የመሰንቆአቸውን ደጋን ሙጫ ይቀባሉ። ቀና አሉ። «አንተ እሸቴ፣ እስቲ ወዲህ በል። ይህች መሰንቆ ስንት ጭራ አላት?»

«አንድ ናት እንጂ፣ አያ ሙላቴ። ምነው?»

«ስንት መሰንቆስ አለኝ?»

«አንድ።»

«ትዝታ ስመታ ሰምተኸኛል? ባቲስ? አምባሰልስ? አንቺ ሆዬስ?»

«ኧረ ሁሉንም ሰምቻለሁ! ዛሬስ ሆዴ ብሶኛል፣ አይቀልዱብኝ።»

«ቀልዴም አይደል። ከአንዱ ወዳንዱ ስሻገር ጭራዋን ሳጠብቅና ሳላላ አይተኸኛል?»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አንስተው ጣቶቻቸውን አወዛወዙለት። «ጭራዋ ከቦታዋ አትነቃነቅም። የሚሄደው ይህ ነው።»

እሸቴ ቅርቡ የነበረችውን ትዝታን አነሳ። የግራ ጣቱን ከአንዷ ብረት ጀርባ ተጭኖ መታ። መብራት ስላልነበር ድምፁ ቀጭን ነው፤ ጆሯችንን አስጠጋን። ጣቱን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ መታ። ደግሞ ገፋ አደረገ፤ ያኔ አምስተኛዋ ድምፅ ወጣች። ያቺ እሱ ሁልጊዜ ዝም የሚልባት፣ እኛ አረፍ አለ ብለን የምናደንቅባት ድምፅ እዚያው ጌጥ ነው ባላቸው ብረቶች ላይ ተቀምጣ ኖራለች።

«እነዚህ ብረቶች…» አለ እሸቴ። «ጌጥ አይደሉም።»

ሳቄን ለቀቅኩት። ሆዴን ይዤ ስስቅ ቆይቼ ቀና ስል እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ እሱም ይስቃል። «አያ ሙላቴ! ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው እንዴት አይነግሩኝም?»

«አልጠየቅኸኛ!» አሉ። «ባለ ኤሌክትሪኩ አንተ፣ እኔ ባለ ጭራ። ዝም የምትለውም ለማሳመር መስሎኝ ነበር።» በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ። መሰንቆው ከእኛው ጋር እያደረ ለጎንደር ማመልከቻ እንጽፋለን።

ከዚያ ቀን ወዲያ እሸቴን ያየው የለም። ቀን ቀን መብራት ስለሌለ ቤዟን በዓለሚቱ የልብስ ሳጥን ላይ አስደግፎ ይጫወታል፤ እንጨቱ ድምፁን ተቀብሎ ያጎላዋል። ዓለሚቱ «ሳጥኔ ማጓራት ጀመረ» እያለች ትማረራለች። የግራ ጣቶቹ ውሃ ቋጠሩ፣ ፈረጡ፣ ደረቁ። እሷው ቅቤ እየቀባች፣ እሷው እየሰደበች ክረምቱን አሻገረችው።

መስከረም ሁለት ሜዳው ጭቃ፣ ዳገቱ አደይ አበባ ነበር። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ የገሳይ ገበሬዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ቆመዋል። ጄኔሬተሩ ገና ሲነሳ እሸቴ ባቲን በቀኝ፣ አምባሰልን በግራ ትከሻው አንግቶ ወጣ። ባቲን ለገሳዮች ሰጠ። አምባሰልን ለጌጡ አስረከበ፤ ጌጡም እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎ ተቀበላት።

«ከዝግጅቱ በኋላ ብታስረክባቸውስ?» አለ ሞላ።

«አጠገቤ ካሉ እጄ ይሄድብኛል፣ ጓድ ሞላ። አሁኑኑ ይውሰዷቸው።»

ጀመርን። ትዝታው አለቀ። እኔ በልማድ ክንዴን አንስቼ «ተፈጥሮን…» ከማለቴ ቤዙ ባቲ ገባ። መፈክሬን ዋጥኩ! ሕዝቡ ሳቀ፣ የጎንደር እንግዶችም ሳቁ፣ እኔም እየሳቅኩ ዘፈኑን ያዝኩ። ባቲ አምባሰልን ወለደ፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ አላገኘሁም። ታደሰ ሳክስፎኑን አፉ ውስጥ እንደያዘ ዓይኑን ያፈጣል። ከዚያ ከበሮው ቀነሰ፣ እሸቴ ብቻውን ቀረና አንቺ ሆዬን ጀመረ።

መሬቱ ተናገረ። እልልታው ከሴቶቹ ወጣ፣ ወደ ዳገቱ ዞረ፣ ተመልሶ መጣ። «የገሳይ ልጅ! የእኛ ልጅ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጓድ ሞላ ባርኔጣውን አውልቆ ትከሻውን ይሰብቃል፤ አያ ሙላቴ መሰንቆአቸውን አቅፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ወደ እሸቴ ዞርኩ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይዘፍናል! ያ የዛገ ድምፁ ከገዛ ቤዙ ሥር ተሸፍኖ እየሄደ ነው፤ አጠገቡ ካለሁት ከእኔ በቀር የሰማው የለም። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ሲጥታ አልሰማሁም። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ከቦታው የተነቃነቀ አልነበረም።

ከመድረክ ስንወርድ ጌጡ አምባሰልን እንደታቀፈ ጠበቀው። «ወንድም እሸቴ፣ ያን ፌዜን ይቅር በለኝ። ግራ እጅህ እዚያ ብረት ላይ ምን ነበር የሚሠራ?» እሸቴ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለና ያሳየው ጀመር። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን አንዴ ገሳይ፣ አንዴ እብናት እየሄደ ያስተምር ነበር።

ነገሩ በዚህ አለቀ ስንል፣ ጥር ላይ ላንድሮቨሩ አንድ ረጅም ሳጥን አራገፈ። ያቺን ማመልከቻ የሰረዛት ሰው አልነበረም፤ ጎንደር ፈቅዶ ልኳታል። አራተኛዋ ቤዝ፣ ቀይ፣ አዲስ፣ ከነሽታዋ! ሁላችንም እሸቴን አየነው። ጓድ ሞላ እንኳ «እንግዲህ መጣችልህ፣ ውሰዳት» አለው።

እሸቴ አነሳት። አንዴ ቃኛት፣ ጣቱን ከታች እስከ ላይ አስኬደባት፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ሳጥኗ መልሶ ከደናት።

«ሐሙሲት ኪነት አላት አይደል? ለእነሱ ትሂድ» አለ። ሾፌሩ ሳጥኑን ጭኖ ሲነሳ ግን ከኋላው ሮጦ መስኮቱን መታው። «ስማ ወንድሜ፣ ስታስረክባቸው ንገራቸው፤ ለየዘፈኑ መቃኛዋን እንዳይነኩባት።»